የእሌኒ ምትክ

ሮቤ ላይ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለው የጫማ ሱቅ በረንዳ ጥግ አንዲት የመስተዋት ሣጥን አለች። ከሣጥኗ ኋላ የሚቀመጠው ተክለማርያም ሰዓት ሠሪ ነው። ሰዓት ሠሪ ነበር ቢባል ሳይሻል አይቀርም፤ ሰው ሁሉ ጊዜውን ከስልኩ ላይ ማየት ከጀመረ ወዲህ ወደ እሱ ጎራ የሚለው ወይ ባትሪ የሚያስቀይር ነው፣ ወይ የሟች አባቱ ሰዓት እንደገና እንድትተነፍስለት የሚለምን ነው። ጎባ ያድራል፣ ሮቤ ይውላል። ጠዋት በሚኒባስ ሲወርድ ግራ ቀኙ ስንዴ ነው፤ ማታ ሲመለስም ያው ስንዴ ነው። በመካከል ያለው ቀን ግን የሮም ነው።

የሮም ነው መባሉ ለቀልድ አይደለም። ሥራ ሲጠፋ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ይሰካና ከሣጥኑ ሥር አንዲት የቆርቆሮ ዕቃ ያወጣል። በውስጧ፣ ለመኪና ባትሪ በሚጨመረው የተጣራ ውኃ የተዘፈዘፉ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም የማይበልጡ፣ አፈርና ዝገት ያለበሳቸው የነሐስ ሳንቲሞች አሉ። በእነቆስጠንጢኖስ ዘመን ወታደር የተከፈለባቸው፣ ባልቴት ዘይት የገዛችባቸው ናቸው። አንዱን ያነሣና በቀጋ እሾህ ጫፍ አፈሩን ቀስ እያለ ይፍቃል። በመርፌ አይሠራም። ብረት ይቧጭራል፣ እሾህ ግን ይራራል ባይ ነው። ሲፍቅ ሲፍቅ አንድ አፍንጫ ይወጣል፤ ከአፍንጫው በላይ ዓይን፣ ከዓይኑ በላይ ዘውድ። ያን ጊዜ ትንፋሹን ይይዛል። ሰው ከእንቅልፉ እንዳይነቃበት የሚሰጋ ይመስላል።

ሳንቲሞቹን ያስለመደችው ኢየሩሳሌም የመነኮሰችው አክስቱ ናት። ሌላው ሰው ለዘመዱ ሻማና የእንጨት መስቀል ሲልክ እሷ ከአሮጌው ከተማ ገበያ፣ ከአንድ ሽማግሌ ነጋዴ ሳህን ላይ፣ እፍኝ ያልጸዳ ሳንቲም ሸምታ ከተሳላሚ ጋር ትሰድለት ነበር። «አንተ ዕቃ መፍታት ትወዳለህ፣ እነዚህንም ፍታ» ብላው ነበር መጀመሪያ። ፈታቸው። የሮማይስጡን፣ የላቲኑን ፊደል በስልኩ እየፈለገ ለቀመው፤ ባሕር ማዶ ካሉ ሰብሳቢዎች ጋር ፎቶ እየተላላከ ማን ማን እንደሆነ ለየ። ሁለት ወታደር ዓርማ ይዞ የቆመበት፣ የምሽግ በር ያለበት፣ እግረኛ ከፈረስ የወደቀውን ሰው በጦር የሚወጋበት። በዚህ በመጨረሻው ዙሪያ የተጻፈው ቃል ሲተረጐም «የደስታው ዘመን መመለስ» ማለት ነው። ተክለማርያም ይህን ባወቀ ዕለት ብዙ ሳቀ፤ ቆይቶ ግን ሳቁ መረረው።

አጠገቡ ሻሽና ሽቶ የምትሸጠው ጁሀራ ቀኑን በነገር ታሳጥርለታለች።

«ጋሽ ተክሌ፣ ዛሬስ ማንን ከመቃብር አወጡ?»

«ሊኪንዮስን።»

«ምን ሆኖ ሞተ?»

«የሚስቱ ወንድም አሳነቀው።»

ጁሀራ ሻሿን እያጠፈች ትንሽ አሰበች። «ለወንድሜ እንዳይነግሩብኝ፣ ሐሳብ ይሆነዋል። ባሌን ሲያየው ቀድሞም አስተያየቱ አያምርም።»

እንዲህ እየሳቁ ዓመታት ሄዱ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ተክለማርያም አንዲት ሴት ይፈልግ ነበር፦ እሌኒን፣ መስቀሉን ያስቆፈረችውን የቆስጠንጢኖስን እናት። ልጇን በየዓይነቱ አገኘው፤ የልጅ ልጆቿንም አገኘ። እሷ ግን ከእፍኝ ወደ እፍኝ አልመጣ አለች። አክስቱ አርፋ የመጨረሻዋን እፍኝ ያመጡለት ተሳላሚ ሀዘን ተቀምጠውለት ከሄዱ በኋላ፣ በአንድ የካቲት ቀን፣ ከእሾሁ ጫፍ ሥር ሹሩባ ወጣ። ከሹሩባው በታች ለስላሳ የአንገት መስመር፤ በሳንቲሙ ጀርባ ደግሞ የያዘችውን ቅጠል ወደ ምድር ያዘነበለች ሴት። ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበበ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ስንዴ የጫነ መኪና የሚያልፍበትን መንገድ ተመለከተ፤ በከንፈሩም እንዲህ የሚል ነገር ያንጐራጉር ጀመር፦

አፈር የበላውን አይመልስም ሲሉ፣
ወጣችልኝ እቴ ከነአክሊሏ ሙሉ።

ጁሀራ መነጽሩን ተቀብላ አየች። «ፀጉሯን ማን ሠራት? ከኔ ይሻላል» አለች። ከሚስቱ አስቀድሞ እሌኒን ያየቻት እሷ ናት። ይህም ራሱ አንድ ነገር ነው።

ሚስቱ ሠርከአዲስ ለሳንቲሞቹ ፍቅር ኖሯት አያውቅም። በልጃገረድነቷ ዘፈን የምታውቅ፣ ሳቋ ከአጥር የሚያልፍ ሴት ነበረች። ሌሎች ባሎች መጠጥ ቤት ሲያመሹ የሷ ባል ቤቱ እያመሸም ቤት አልነበረም፤ እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ ጀርባውን ሰጥቷት ሮም ይሄዳል። በመጠጥ የሚጠፋ ባል ሲበርድለት ይመለሳል። ከሮም ግን መልስ የለም። እሌኒን ባሳያት ዕለት እጇን በነጠላዋ ጠርጋ በመዳፏ ተቀበለችና «ይቺ ናት?» አለች።

«ይቺ ናት።»

«ታንሳለች» ብላ መለሰችለት።

ክረምት ገባ። ልጃቸው ምኞት ደሎ መና ነው ያገባችው፤ ቡና ነጋዴ ነው ባሏ። ምጧ ጠንክሮ እዚያ ያሉት ሐኪሞች ወደ ጎባ ሆስፒታል ውሰዷት አሉ። ደሎ መናን ከጎባ የሚያገናኘው መንገድ የሐረናን ደን ተጠማዞ ይወጣና ሳነቴ ደጋ አናት ላይ ይዘረጋል፤ ክረምት ላይ እዚያ ጉም ሲወድቅ ሹፌር የራሱን መብራት አያይም። መኪናዋ ሳነቴ ላይ እንደቆመች ተሰማ፤ ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ። አባትና እናት የሆስፒታሉ በር ላይ ከጠዋት ጀምረው ቆሙ። ዝናቡ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። ተክለማርያም ከኪሱ ውስጥ ያለችውን ሳንቲም ያለ ምክንያት ይደባብሳል። ሠርከአዲስ አንድ ጊዜ ያን እጁን አየችው። አየችና ነጠላዋን አጣፍታ ወደ እመቤታችን ደብር አቅጣጫ ዞረች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከሰዓት በኋላ ጭቃ የለበሰች መኪና ደረሰች። ምኞት በሕይወት ነበረች፤ ሌላም ትንፋሽ ከጐኗ ያለቅስ ነበር። ሴት ልጅ፣ ጉም መሃል የተወለደች።

በማግስቱ ሠርከአዲስ ባሏን ከአልጋው ግርጌ ጠራችው።

«ስለት አለብኝ።»

«እንከፍላለን። ጃንጥላም ቢሆን፣ ምንጣፍም ቢሆን።»

«እሌኒን ነው የተሳልኩት።»

ተክለማርያም መጀመሪያ አልሰማም። ሲሰማ ድምፁ ቀጠነ። «የኔን?»

«ያንተን።»

«ያለሽን ለምን አልተሳልሽም? የእናትሽ ድሪ አለ።»

«ድሪውን ብሰጥ ምኔን ያመኛል፣ ተክሌ? ስለት የሚያም ነገር ነው። በዚህ ቤት ሰው ከአንጀቱ የሚወደው ነገር ብፈልግ ብፈልግ ያገኘሁት እሷን ብቻ ነው።»

«የምወደውን ታውቂያለሽ ለካ።»

«ዕድሜዬን ጀርባህን ሳይ ነው የኖርኩት። እንዴት አላውቅም?»

ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው። ተቆጥታ ቢሆን በቁጣ ይመልስላት ነበር። የልጅ ልጁ ከጨርቁ ውስጥ ተንጠራራች፤ ለእሷ ብሎ እንዴት እንቢ ይበል? እሺ አለ። በአፉ እሺ አለ።

ስለቱ የሚገባው መስከረም ሃያ አንድ፣ በእመቤታችን ቀን ሆነ። በዋዜማው ከሰዓት ተክለማርያም መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። እሌኒን በአንድ ጨርቅ፣ ሌሎቹን በሌላ ዘረጋ። በጎባም በሮቤም፣ ባሌን ከዳር እስከ ዳር ቢያስሱ፣ ይህችን ሳንቲም ከዚያች የሚለይ ሌላ ሰው አለመኖሩን ያውቃል። እስከዚያ ቀን ይህ ብቸኝነቱ ነበር፤ የሚያጫውተው ማጣቱ። ያን ከሰዓት ግን ብቸኝነቱ መደበቂያ ሆነለት። ጢም የሌለው፣ ጉንጩ ሞላ ያለ፣ የዘውዱ ዕንቁ ሴት ራሷ ላይ የምታስረውን ቀጸላ የሚመስል አንድ ወጣት ንጉሥ አነሣ። ከሩቅ ላየው ሴት ነው። ጀርባው ላይ ያ እግረኛ ከፈረስ የወደቀውን ይወጋል። እሱን በነጭ ሐር ጠቀለለው። እሌኒን ቁምሳጥን ውስጥ፣ የድሮ ኮቱ ገበር ውስጥ አስቀመጣት። ሁሉንም በሰዓት ሠሪ እጅ፣ ሳይቸኩል ሠራው።

ስለት የሚሸጠው በጨረታ ነው። ከቅዳሴ በኋላ አንድ ቄስ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ጃንጥላውን፣ መጋረጃውን፣ ሰንጋውን እያስጠሩ ያጫርታሉ፤ የገዛውም ሰው ብዙ ጊዜ መልሶ ለደብሩ ይሰጠውና እንደገና ይሸጣል። አንዲት ጃንጥላ ዓመቱን ሙሉ ስትሸጥ ትኖራለች። ሐሩ ተፈቶ «ከኢየሩሳሌም የመጣች፣ የንግሥት እሌኒ መልክ ያለባት» ሲባል ግን ሁካታው ወደቀ። እናቶች ከኋላ ተንጠራሩ። ሠርከአዲስ መሃል ላይ ቆማ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ያ ስንት ዘመን የጠፋው ድምፅ ተመልሶ መጣ፦

የተሳልኩት ሰምሯል እልል በሉልኝ፣
የልጄን ልጅ አየሁ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ተክለማርያም ከወንዶቹ በኩል ቆሞ ሰማት። ያን ድምፅ ነበር ወጣት ሳለ ያገባው።

ጨረታውን ያሸነፈው ገዛኸኝ ነው፤ ከሮቤ እስከ አጋርፋ የሰው ስንዴ የሚያጭድ የኮምባይነር ባለቤት። «ለእመቤቴ መልሻለሁ» አለ። «ግን እንደገና አትሸጥ። እንዲህ ያለ ነገር ጃንጥላ አይደለም። መስቀሉ ላይ ትተከል፣ ወጪው በኔ።» ሕዝቡ አጨበጨበ። አንዱ ከኋላ «ኮምባይነሩንም ይትከልልን» ብሎ አሳቀ።

ከዚያ ሰባኪው ተነሡ። ዕለቱ የኒቅያ ጉባኤ የሚታሰብበትም ነውና ስለ ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ አባቶች ሰበኩ፤ አርዮስን እንዴት እንዳወገዙት፣ ኋላ ደግሞ አርዮሳውያን ነገሥታት እነ አትናቴዎስን እንዴት እንዳሳደዱ። ተክለማርያም ያደረገውን ያስተዋለው እዚያ ላይ ነው። ከሐሩ ውስጥ የወጣው ያ ጢም የሌለው ወጣት የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስታንጢዮስ ነበር። አትናቴዎስን ከመንበሩ ያሳደደው። ወደ አክሱም ሳይቀር መልእክት ሰዶ አባ ሰላማን ወደ እስክንድርያ መልሱልኝ፣ እምነቱ ይመርመር ያለው። ይህን ሁሉ እያወቀ፣ መልኩ ሴት ይመስላል ብሎ ብቻ መረጠው። አሁን ሰባኪው አርዮስን ሲረግሙ ሕዝቡ የአርዮስን ወዳጅ ለመሳም ተሰልፏል። ሠርከአዲስ የመጀመሪያዋ ነበረች። ግንባሯን፣ ከዚያ ከንፈሯን አስነካች፤ ተመልሳ ባሏን ስታየው ዓይኖቿ እንባ ሞልተው ነበር።

«አሁን ገና አገባኸኝ» አለችው ጠጋ ብላ፣ ማንም እንዳይሰማ።

ሳንቲሙ በመጾር መስቀሉ፣ ካህናት በበዓል ተሸክመው በሚወጡት ትልቁ መስቀል መሃል፣ በነሐስ ክፈፍ ውስጥ ተያዘ። ፊቱ ወደ ሕዝቡ፣ ጦረኛው ወደ ውስጥ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን ያምናል? ሠርከአዲስ ሳንቲም ትወድ ጀመር። ማታ ማታ ወንበሯን ወደ መስኮቱ ታስጠጋና «ይሄኛውስ?» ትለዋለች። «ይሄ ጉንጫሙስ? ሚስቱ ደግ ነበረች?» ዕድሜውን ሙሉ የጓጓለት ጥያቄ ነበር። እያንዳንዱን ሲፍቅ፣ አንድ ቀን ትጠይቀኝ ይሆናል እያለ ነበር የሚፍቀው። አሁን ስትጠይቀው ወሬውን ወደ ሌላ ያዞራል። የቆንስታንጢዮስ መንትያ የሆነውን ሌላ ሳንቲም አንሥታ በብርሃን ስታገላብጥ ከእጇ ተቀብሎ ወደ ጨርቁ መለሰው።

«የኛዋን አትመስልም?» አለች።

«ሁሉም ይመሳሰላሉ።»

«ለኔ ነው እንጂ ላንተማ አይመሳሰሉም» ብላ ትከሻውን ነካች።

እሌኒ ከኮቱ ገበር አልወጣችም። ሰብሳቢ ያገኘውን ካላሳየ አላገኘውም፤ ይህን ባሕር ማዶ ያሉት ወዳጆቹም ያውቃሉ፣ «ፎቶዋን ላክልን» እያሉ ይጽፉለታል። አይመልስላቸውም። ጁሀራ እንኳ አልተወችውም።

«ያቺን ባለ ሹሩባ ሰጡ አሉ። ወላሂ ልብዎ ትልቅ ነው። እኔ ብሆን እደብቃት ነበር።»

«ትደብቂያት ነበር?»

«ወዲያው። ግን የት አድርጌ አያታለሁ?» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ እሷም አላስተዋለችም፣ ሻሽ የሚጠይቅ መጣባት።

ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ምንም ሳያነሣ የሚውልበት ቀን በዛ። የሚያንጐራጉረውም ተለወጠ፦

አላፊ ነጋሹን ስቆጥር ስቆጥር፣
የቤቴ ንግሥት ቀረች ያለ ምስክር።

ዓመቱ ዞረ። ምኞት ለመስቀል ልጇን ይዛ ልትመጣ ነው፤ ሠርከአዲስም ልጅቷን ከሳንቲሟ ፊት አቅርባ ልታስባርካት ሽር ጉድ ትላለች። ያን ሲያይ ተክለማርያም አልቻለም። ያቺ በጉም የተወለደች ሕፃን አፏን የምታሳርፈው በዚያ ሰው ላይ ሊሆን ነው። መስከረም በጠባ ሳምንት የሥራ መሣሪያውን ያዘ፣ እሌኒን ከገበሩ አውጥቶ ኪሱ ከተተና ወደ ደብሩ ሄደ። ያሰበው ቀላል ነበር፤ ክፈፉ ላልቷል ብሎ መስቀሉን ይቀበላል፣ የክፈፉን ጥርሶች ገልጦ አንዱን ያወጣል፣ አንዷን ያስገባል። ለእሱ እጅ የአፍታ ሥራ ነው። ማንም ሳያውቅ ስለቱ ይከፈላል። እሷንም ያጣታል፤ ይጣት። ቢያንስ ሠርከአዲስ ስትጠይቀው ዓይኗን እያየ ይመልስላታል።

ዕቃ ጠባቂው ባዳሳ ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጸናጽሉንም ጽናውንም ደርድሮ ለበዓሉ ይወለውላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ደብሩን ያገለገለ፣ ትሑት ሰው ነው። አጠገቡ ግማሽ ግማሹን የተቆረጠ ሎሚ፣ አንድ ጣሳ አመድ፣ የጆንያ ቁራጭ።

«አካም ጂርቱ፣ ጋሽ ተክሌ። ደግ ጊዜ መጡ።»

«ነጋያ፣ ባዳሳ። ክፈፉ የላላ መስሎኝ ነበር፣ ልጠብቀው ብዬ።»

«ይጥበቅ፣ ይጥበቅ። ግን መጀመሪያ ይዩልኝ» አለና መስቀሉን ከነጭ ጨርቁ አወጣው። በፀሐዩ ላይ አንጸባረቀ። «አምና ጠቁራ ስታዩአት አላዘናችሁም? ንግሥት ጠቁራ ትቅር? እንትፍ እንትፍ ብዬ፣ በሎሚና በአመድ፣ ሳምንት ሙሉ። ክንዴን ይዩት። አሁን ወርቅ አትመስልም?»

ተክለማርያም መነጽሩ አላስፈለገውም። በክፈፉ መሃል ያለው ነገር አንድ ክብ ብርሃን ነበር። ዘውድ የለ፣ አፍንጫ የለ፣ ፊደል የለ። ቆንስታንጢዮስ ጠፍቷል። አሳዳጁም፣ አርዮሳዊውም፣ ቀጸላ የመሰለው ዕንቁም በአንድ ደግ ሰው ክንድ ተፍቀው በሎሚ ውኃ ወርደዋል። የቀረው ማንም ያልሆነ ለስላሳ ነሐስ ነው።

እጁ ኪሱ ውስጥ ነበር። በጣቱ ሹሩባዋን ዳበሰ፤ አንገቷን ዳበሰ። ስለቱን ቢከፍል ለስንት ጊዜ? ለአንድ የመስቀል በዓል። ከርሞ መስከረም ባዳሳ ሎሚውን ይቆርጣል። ደግሞስ ዛሬ ፊት የሌላትን ነገር ነገ ባለ ፊት ቢያገኙዋት፣ ከየት መጣች ሊላቸው ነው? ያን ቢያስረዳቸውስ ባዳሳን ምን ይበለው፤ ያጠፋኸው ምንም አይደለም፣ ቀድሞም እሷ አልነበረችም ይበለው? ስሕተቱ የባዳሳ አልነበረም። እውነተኛዋን አምና ሰጥቷት ቢሆን ኖሮ ዛሬ በዚህ ሎሚ የምትጠፋው እሷ ነበረች። ስለዚህ ሰርቆ አዳናት። ይህን ባሰበ ጊዜ ልቡ ላንድ አፍታ ደስ አለው፤ ያ ደስታ ነው ራሱን ያስጠላው።

«ምን ይላሉ? አላበራችም?»

«አብርታለች፣ ባዳሳ። ክንድህ አይጥፋ።»

እጁን ባዶውን አወጣ። መሣሪያውን ፈትቶ፣ ያልላላውን ክፈፍ አጠበቀው።

ለበዓሉ ሕዝቡ ሲሰለፍ ለተክለማርያም ቤተሰብ ቅድሚያ ሰጡ። ገዛኸኝ እንኳ ባርኔጣውን አውልቆ ዞር አለላቸው። ሠርከአዲስ ሕፃኗን ወደ መስቀሉ አቅርባ «ሳሚያት፣ የአያትሽ ስጦታ ናት፣ ከነፍሱ ለይቶ የሰጣት» አለቻት። ልጅቷ በተከፈተ አፏ ነሐሱን ላሰችና ፊቷን አኮማተረች፤ ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ሠርከአዲስ ራሷ ሳመች፣ ምኞትም ሳመች።

«አንተም» አለችው ሚስቱ፣ ትከሻውን ገፋ አድርጋ። «ምን ያሳፍራል? ከማንም ይልቅ ያንተ ናት።»

ሰው ሁሉ ያየዋል። ጎንበስ አለና ከንፈሩን አሳረፈ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሎሚ ሎሚ ይል ነበር።